ለወላጆች የመርከብ ጉዞ ሜዲኬር ይበቃል?

እህቴ፣ «እናትና አባቴ ሜዲኬር አላቸው፤ ከማያሚ ወደ ካሪቢያን በክሩዝ ስንሄድ ሌላ ኢንሹራንስ ለምን ያስፈልጋል?» ላልሽው፣ ያስፈልጋል። በጣም።

ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከአሜሪካ ውጭ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። መርከብ ላይ የሚሸፍነው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲሆን፣ ወይም ከወደቡ ከተነሳ ወይም ሊደርስ ከ6 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ነው። ከዚያ ውጭ የመርከቡ ሐኪም ሂሳብ እናንተው ላይ ይወድቃል። ሜዲጋፕ (ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚያሟላ የግል ኢንሹራንስ) ካላቸው ፖሊሲውን እዪው። እንደ ጂ እና ኤን ያሉት ፕላኖች ውጭ ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕክምና ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶ ይከፍላሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያው ግን 50,000 ዶላር ነው። ታማሚን በአውሮፕላን አምቡላንስ ማምጣት ከመጣ ይህ አያዛልቅም። ለዚህ ብቻ ቢያንስ 250,000 ዶላር የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ምረጪ። እኔ በዚህ አልደራደርም።

አባትሽ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ስለሚወስዱ ደግሞ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቆየ ሕመምን የሚሸፍኑት የጉዞው የመጀመሪያ ቀብድ በተከፈለ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ከገዛችሁ ነው። ካለፈ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የነበሩትን ከ60 እስከ 180 ቀናት የሕክምና መዝገብ ያያሉ። የግፊት ክኒኑ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ማለቱ ብቻ ላለመክፈል ምክንያት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን ደግሞ «ደህና ነኝ» ይሉና ይህን አይነግሩንም። ስለዚህ የመድኃኒት ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ራስሽ አንብቢ።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ዛሬውኑ እዪ።