«እማዬን ልጥላት ነው?»

ጠያቂያችን የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቷ 79 ዓመታቸው ነው፤ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ አራት ዓመት ሆነ። በጥር ብርድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ኪዳን አመለጠኝ» ብለው በነጠላ ጫማ ወጥተው ፖሊስ ነው የመለሳቸው። ሐኪሙ ሜሞሪ ኬር፣ ማለትም የመርሳት ሕመም ላለባቸው የተዘጋጀ መኖሪያ፣ እንድትፈልግ መክሯታል። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቿ «ልትጥያት ነው? ጡር አለው» ይሏታል። «እኔው እጦርሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። አሁን በሩ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ነው የምተኛው። ፀጉሯን እንኳ ካበጠርኩላት ወር አለፈኝ» ትላለች።

እህቴ፣ እናቱን የሚጥል ሰው በር ሥር አይተኛም።

መጦር ስንል ያደግንበትን አስቢ። አያቶቻችንን አንድ ልጅ ብቻውን አልጦራቸውም። ጎረቤት ለቡና ሲጠራቸው አይቷቸው ይሄዳል። መንገድ ከጠፋባቸው የሰፈር ልጅ እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል። አንቺ የዚያን ሁሉ ሰው ሥራ በአንድ አፓርታማ ውስጥ ብቻሽን ይዘሻል፤ ያውም ከሥራና ከሁለት ልጆች ጋር። ቃል ስትገቢ ይህን ሕመም አንቺም አታውቂው፣ እሳቸውም አያውቁት። እናትሽ ከአንቺ የፈለጉት ብቻቸውን እንዳይቀሩ ይመስለኛል። እሱን አሁንም ማድረግ ትችያለሽ።

ከወንድሞችሽ ጋር አትሟገቺ። በቪዲዮ ለአሥር ደቂቃ ሲያዩዋቸው እናትሽ ይበረታሉ፤ ሰላምታውና ምርቃቱ ገና ከአፋቸው አልጠፋም። አመሻሽ ላይ ደውዪላቸው። ብዙ ሕመምተኞች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ። «ቤቴ ውሰጂኝ» ሲሉ ወንድሞችሽም ይስሙ።

ቦታ ስትመርጪም ይህችን ሰዓት አትርሺ። የሚያስጎበኙሽ ጠዋት ነው፣ ሁሉም ሲያምር። አንቺ አመሻሹ ላይ ተመለሺ። አንዲት አሮጊት «ቤቴ» ብለው ሲያለቅሱ ሠራተኛዋ «ቤትሽ ይሄ ነው» ብላ ትከራከራቸዋለች ወይስ እጃቸውን ይዛ ትቀመጣለች? እኔ ከአዳራሹ ሶፋ ይልቅ ይቺን አያለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በዚህ ሕመም ዘግይቶ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። ዋሽንግተን ዙሪያ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሐበሾች ብዙ ናቸው፤ «በሌሊት ሺፍት አማርኛ የሚናገር ማን አለ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። ስለ ጾምም ንገሪያቸው። ረቡዕ ሥጋ ሲቀርብላቸው ሳህኑን ይገፉታል፤ መዝገቡ ላይ «ምግብ እምቢ አለች» ተብሎ ይጻፋል፣ ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ። የሚያረጋጋ መድኃኒት መቼ እንደሚሰጡም ጠይቂ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) በ2005 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ሐኪሙ ያለ እነሱ አይሆንም ካለ፣ አንቺ ሳታውቂ እንዳይጀመር ተነጋገሩ።

ወጪው ከባድ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ የሜሞሪ ኬር የመኖሪያ ክፍያን አይሸፍንም። ሜዲኬይድ፣ ማለትም አቅም ለሌላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ገቢና ንብረት ያያል፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ደግሞ ብዙዎቹ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ወደ አልዛይመር ማኅበር የእርዳታ መስመር፣ 1-800-272-3900፣ ደውዪ። 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

በሚገቡበት ቀን ረጅም ማብራሪያ አትስጫቸው። ነጠላቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ አልጋቸው አጠገብ የነበረችውን ሥዕለ ማርያም ቀድመሽ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። እሳቸው ያለቅሳሉ፣ አንቺ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ታለቅሻለሽ። ስትወጪ ምሳ ሲጀመር ውጪ፤ እጃቸው ሥራ ይይዛል። ወንድሞችሽ በተወሰነ ሰዓት በየቀኑ ይደውሉላቸው፤ ይሄ የእነሱ ድርሻ ይሁን።

ቅዳሜ ስትሄጂ ማበጠሪያና ቅቤ ያዢ። ከኋላቸው ተቀምጠሽ ቀስ ብለሽ ፀጉራቸውን አበጥሪላቸው። ሌሊቱን በሩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።