የጫማ ሳጥናችን ሻገተ፤ የእግር ፈንገሱም አልለቀቀንም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የጫማ ሳጥናችን ይሸታል፤ የቆዳ ጫማዎቹም ነጭ ሻጋታ ያወጣሉ። ባለቤቴንና ልጄን ጣቶቻቸው መካከል ያሳክካቸዋል፣ ይላላጣል። ቅባት ሲቀቡ ይተዋቸውና ተመልሶ ይመጣል። ከሳጥኑ ይሆን?

መልስ፦ ጫማው ላይ የሚያዩት ሻጋታና የጣታቸው ፈንገስ አንድ አይደሉም። ሻጋታው የሚያድገው በጫማው ቆዳና በአቧራው ላይ ነው። የጣቱ ግን የጭርት ወገን ነው፤ ከእግር በረገፈ ቅርፊት ላይ ሆኖ ጫማ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም እርጥበት ይወዳሉ። እግሩን እያከሙ ጫማውን ከነእርጥበቱ ሳጥን ውስጥ ከዘጉበት፣ የዳነው እግር ተመልሶ የሚገባው እዚያው ፈንገስ ላይ ነው።

ሳጥኑን ባዶ አድርገው ደጅ ያውጡት። ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ አይጥረጉ፤ ይበናል፣ አስም ያለበትንም ይቀሰቅስበታል። በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ይወልውሉት። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው ይቀቡት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውኃ ያብሱትና በሩ ተከፍቶ እስኪደርቅ ይተዉት። ቺፑድ ከሆነ ውኃ አያብዙበት፣ ያብጣል። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የቆዳ ጫማም አያስነኩት። ሲመልሱት ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ያርቁት፤ ከኋላው አየር ይለፍ።

የራሰ ጫማ እስኪደርቅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ ሳጥን አይግባ፤ በረንዳ ላይ ይቆይ። ጭቃውን አጥበው፣ ክሩን ፈተው፣ የውስጥ ሶሉን አውጥተው ጋዜጣ ጨምድደው ይሙሉበት፤ ጋዜጣው ሲርስ ይለውጡት። ከእሳት ዳር አያስጠጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጫማ ቢኖርና ቢያፈራርቅ ከሁሉ ይበልጣል። ሳጥኑ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ አይከምሩ። ናፍታሊንም አይጨምሩ፤ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ እርጥበቱን አያደርቅም፣ ለሕፃናትም አደገኛ ነው።

ለእግሩ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ቅባት፣ ጣቶቹ መካከል በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ4 ሳምንት ይቀቡ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጀምሩ። ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው ማሳከኩ ሲቆም ቅባቱም ስለሚቆም ነው። ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፣ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ፎጣና ነጠላ ጫማ አይዋዋሱ።

ልጁ አሳከከኝ ብሎ በባዶ እግሩ እንዲሄድ ግን አይፍቀዱለት። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ የእግር ዝሆኔን (ፖዶኮኒዮሲስን) ያመጣል።

እግሩ ቀልቶ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም አንዳቸው የስኳር በሽታ ካለባቸው፣ 4 ሳምንቱን ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።