በደመወዝ እየኖሩ ደጋግሞ መጓዝ ይቻላል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጎንደር ተመድበሽ ሥራ ከጀመርሽ ወራት እንደሆነሽ፣ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ በኋላ እጅሽ ላይ የሚተርፈው ጥቂት እንደሆነ ጽፈሽ «እናንተ በየጊዜው የምትጓዙት በምን ገንዘብ ነው? ከሄዳችሁበትስ ከልባችሁ ያልወጣ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። «ፍላጎት ካለ ይቻላል» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንሽም። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚሁ የማስተምር ሴት ነኝ። መኪና የለኝም፤ የምጓዘው በአውቶቡስና በሚኒባስ፣ የማድረውም በርካሽ መኝታ ወይም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፣ ለአንድ ሩቅ ጉዞ ዓመት ሙሉ ከማጠራቀም ቅርብ ቦታ ደጋግመሽ ሂጂ። ብዙ ጓደኞቼ ብር አጠራቅመው አንዴ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት ከቤት አይወጡም። ጎንደር ላይ ላለ ሰው ቅርብ መሄድ ማጣት አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ገና መጀመሪያ ከመዘገባቸው የዓለም ቅርሶች ሁለቱ የሰሜን ተራሮች ፓርክና ላሊበላ ናቸው፤ በዓመቱ ፋሲል ግቢ ተከተለ። አንዱ ደጃችን ላይ ነው። ለአንዱ ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ይበቃል። ሦስተኛው በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ደጋግሞ መሄድ ራሱ ወጪ ይቀንሳል። መጀመሪያ ስትሄጂ ታሪፉን አታውቂም፣ ባለባጃጁ እንዳሰኘው ይጠራብሻል፣ መኝታ ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። ሁለተኛ ስትሄጂ የት ወርደሽ የት እንደምትበዪ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ያውቅሻል፤ ለእኔ ጉዞ የሚጣፍጠው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ኮሶዬን ልንገርሽ። በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ነው፤ የደባርቅ ወይም የዳባት መኪና ያወርድሻል፣ በቀኑ ትመለሻለሽ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመሽ ቆላውን ቁልቁል ታያለሽ። ከቀናሽ ጭላዳ ታገኛለሽ፤ በዓለም ላይ እኛ አገር ብቻ ያለ የዝንጀሮ ዓይነት ነው። ጭላዳ ሲበላ አይቸኩልም። መሬት ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ያለበትን ሲጨርስ አይነሳም፣ እንደተቀመጠ ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ሣር ይጠጋል። መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ አንድ እረኛ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቆመና ደረቱ ላይ ቀይ ያለውን፣ ጋማው ትከሻውን የሸፈነውን ትልቁን ወንድ አሳየኝ። «የነዚህ ሁሉ አባወራ እሱ ነው» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከመስቀል በኋላ ስመለስ ያው ልጅ ቁመቱ ጨምሮ እዚያው አገኘሁት። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ያ ያየሽው ተባሯል፤ አሁን የያዛቸው ሌላ ነው» ብሎ ነገረኝ። በዓመቱ እመለሳለሁ ብዬ አልነገርሁትም ነበር፤ እሱ ግን ወሬውን አስቀምጦልኝ ቆየ። ከሄድሁባቸው ቦታዎች ሁሉ በልቤ ከቀሩት አንዱ ይሄ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የጉዞ ዕቁብ አለን። መዋጮው ትንሽ ነው፣ ማንንም አያስጨንቅም፤ እጣ የወጣላት ግን ብሩን ለሌላ ነገር አታውለውም፣ ደንባችን ነው። ለብቻ አስቀምጣለሁ ብትዪ የታመመ ዘመድ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ ያልቃል። በዕቁብ የመጣ ገንዘብ ግን ሰው ስለሚያውቀው ይከበራል። ስንት እንደሚበቃሽ አልጽፍልሽም፤ ታሪፉም መኝታውም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍሁልሽ ነገ ያሳስትሻል።

መኪና ላይ ገንዘብ የሚባክነው በትንንሽ ነገር ነው። ሻንጣሽ ጭንሽ ላይ የሚያርፍ ይሁን፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ከወጣ ሲጫንም ሲወርድም ትከፍያለሽ። ዝርዝር ብር ያዢ። ከለሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ድረሽ፤ የመጀመሪያው መኪና ቶሎ ይሞላል፣ አርፍደሽ ከደረስሽ ግን እስኪሞላ ስትጠብቂ ግማሽ ቀንሽ ይሄዳል፣ በጊዜ ባለመድረስሽም ያላሰብሽው ቦታ ለማደር ትገደጃለሽ። በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ያዢ። ምሳ ስትበዪ ሹፌሩ ያቆመበት ቤት ካልተመቸሽ ዞር ብለሽ ጀበና ቡና ያለበት ትንሽ ቤት ፈልጊ፤ ሽሮው እዚያ ይሻላል።

ሴት ስለሆንሽ የመኝታውን ነገር አጥብቄ ልናገር። መናኸሪያ ዙሪያ ያለው መኝታ ርካሽ ነው፤ ግን ከሥሩ መጠጥ ቤት ካለ አትያዢው፣ ሌሊቱን አትተኚም፣ ደህንነትም አይሰማሽም። በቀን ብርሃን ድረሽ። ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉን እይ፣ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ዘግተሽ ሞክሪው፣ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቂ። ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት ከሆነች ከእሷ ጋር ተዋወቂ፤ ቡና አብረሻት ከጠጣሽ እንደ ልጇ ታይሻለች። አንሶላና ጋቢ ይዤ ነው የምሄደው፤ ለቁንጫም ለብርድም ይሆነኛል።

ርካሹ ጉዞ ግን የንግሥ ጉዞ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጉዞ ማኅበራት አውቶቡስ ተኮናትረው ይሄዳሉ፤ ማስታወቂያው በየቤተ ክርስቲያኑ በር ይለጠፋል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ምግብንም ይጨምራል፣ ማደሪያ አዳራሽ ወይም ድንኳን ይሆናል። ሃይማኖትሽን አልጠየቅሁሽም፤ የዚህ ዓይነት ጉዞ የማይመችሽ ከሆነ ከሥራ ቦታሽ ሰው አሰባስበሽ ሚኒባስ ብትኮናተሩም ሒሳቡ ያው ነው።

ላሊበላን ለገና ያየሁት በዚህ መንገድ ነው። በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ አድርገን ጋሸና ደረስንና ወደ ላሊበላ ታጠፍን። ከአውቶቡስ ስንወርድ የከተማው ወጣቶች ሳፋና ጆግ ይዘው ተደርድረው እንግዳ ይጠብቁ ነበር። እኔ በመኪና የመጣሁ ሰው ነኝ፣ እግሬን ለመስጠት አፈርሁ። አንዱ ልጅ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ የጫማዬን ማሰሪያ ራሱ ፈታው። ከጎኔ በእግራቸው ብዙ ቀን ተጉዘው የመጡ እናት ተቀምጠዋል፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ አፈር ገብቶበታል። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ሆነ። ልጁ ደፍቶ ሌላ ቀዳ፣ በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ቀስ እያለ አሸው፣ ከዚያ በፎጣ አደረቀላቸው። እናትየዋ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው «እግርህን እንቅፋት አይምታው» ብለው መረቁት። በማግስቱ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይ ካለው ዓለት ላይ ነጭ ለብሰው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህን ለማየት ሰው ከዓለም ዳርቻ ይመጣል፣ እውነትም ልብ ይነካል። ላሊበላ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ግን የዚያ ልጅ አውራ ጣት ነው።

ጣናንም ልጨምር። ከባሕር ዳር በጀልባ በማኅበር ወጣን። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ ወንዶቹ ወጡ፣ እኛ ቀረን። የዐፄ ፋሲል አጽም ያለው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ የፋሲልን ግንብ በየቀኑ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ደሴቱ ሥር ደርሼ አለመውጣቴ ከነከነኝ፣ ዛሬም ይከነክነኛል። ጀልባው ውስጥ በሶ ስንበጠብጥ አንዲት አሮጊት ፊቴን አይተው «አይዞሽ ልጄ፣ ለእኛ ምንትዋብ ሠርታልናለች» አሉኝ። ቀጥለን የሄድነው ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ናርጋ ሥላሴ ነበር። እዚያ ሴት ትገባለች። ግድግዳው ላይ እቴጌዋ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። አሮጊቷ ከሥዕሉ ፊት ብዙ ቆዩ፤ እኔም ከጎናቸው።

ጎንደር ከተመለስሁ በኋላ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። ስንት ጊዜ ያየሁት ፍርስራሽ ነው፤ የምንትዋብ ቤተ መንግሥት፣ የእሷና የልጇ የኢያሱ፣ የልጅ ልጇም የኢዮአስ አጽም ያለበት ደብር። የዚያን ቀን ግን ድንጋዩን ስዳስስ የሴትዮዋ ሥራ ሐይቅ ተሻግሮ እስከ የት እንደደረሰ ገባኝ። ለዚህ ነው ደጋግመሽ ሂጂ የምልሽ። አንዱ ቦታ ሌላውን ያሳይሻል፤ ከከተማሽ ያለውን ሳታዪ ሩቅ ብትሄጂ ግን ይህን አታገኚም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ገብተሽ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አይተሽ ካላወቅሽ ከዚያ ጀምሪ፤ ለባጃጅ እንኳ አያስወጣሽም፣ ከፒያሳ በእግር ይደረሳል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ጥፋት ይሆንብኛል። በእነዚህ ዓመታት መንገዳችን እንደ ድሮው አይደለም። መኪና ቆሞ የሰነበተበት፣ ሰው ዘመዱን ለመቅበር እንኳ መውጣት ያቃተው ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ሄደሽ የዚያኑ ቀን በዚያ መስመር የተመላለሰ ሹፌር ጠይቂ፤ ከስልክ ወሬ እሱ ይታመናል። «ቅሪ» ካለሽ ቅሪ፤ ቲኬት ቢቆረጥም ቅሪ። አመሻሽ ላይ መንገድ አትጀምሪ። የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ለአከራይሽ ወይም ለባልደረባሽ ንገሪ።

በኅዳር 6 የቁስቋም ንግሥ ከባልደረቦቼ ጋር በእግር እንወጣለን፤ ከፈለግሽ አብረሽን ነይ። ዕቁቡም አዲስ ዙር ሊጀምር ነው፣ ደመወዝ በገባ ማግስት ነው የምንሰበስበው። ለመግባት ካሰብሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።