ለፎቶ ማስተካከያ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግና የጥምቀት ፎቶ በላይትሩምና በፎቶሾፕ ፕሮግራሞች አስተካክላለሁ። ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ዴስክቶፕ? መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ሥራዎ የሚያልቀው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከሆነ ዴስክቶፕ ይግዙ። በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለ ፕሮሰሰር ያገኛሉ። ስስ ላፕቶፕ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ይሞቅና ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ16 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቢጀምሩ ኋላ ወደ 32 ማሳደግ ቀላል ነው፤ በብዙ ላፕቶፖች ግን ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይቀየርም።

ስክሪን ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። አይፒኤስ (ከጎን ቢያዩትም ቀለሙ ብዙም የማይለዋወጥ የስክሪን ዓይነት) የሆነና የኤስአርጂቢን (የተለመደው የቀለም ስፋት መለኪያ) ቀለም 100 በመቶ ገደማ የሚያሳይ ይምረጡ። ቲኤን የሚባለው ርካሽ የስክሪን ዓይነት ቀና ደፋ ባሉ ቁጥር ቀለሙ ስለሚለዋወጥ የነጠላውን ትክክለኛ ንጣት አያውቁትም። ብርሃኑንም ዝቅ ያድርጉት። ስክሪኑ ከመጠን በላይ ከደመቀ ሳይታወቅዎ ፎቶውን ያጨልሙታል፤ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላይ ያነሷቸው ሰዎች ፊት ሲታተም ጠቁሮ ይወጣል።

የዴስክቶፕ ጠላቱ የመብራት መጥፋት ነው። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ የላይትሩም ካታሎግም (ማስተካከያዎችዎ የሚመዘገቡበት ፋይል) ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የግድ ነው። 1000 ቪኤ (የዩፒኤስ አቅም መለኪያ) የሆነው ሥራ አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል እንጂ አልበም አያስጨርስም። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ በፍጹም አይሰኩበት፤ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ያጠፋዋል።

ሠርጉ ቤት ሆነው በዕለቱ ፎቶ የሚያስረክቡ ከሆነ ላፕቶፕ ይሁን፤ ፎቶ ቤት ሲመለሱ የሚሰኩት አይፒኤስ ሞኒተር ይጨምሩበት።