ላልታየንበት ቀጠሮ ቢል ሲመጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን አሜሪካ ካሉ አንባቢዎቻችን የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል። የሐኪም ቀጠሮ። ያመለጠ ቀጠሮ፣ ሳይነገር የተቀየረ ቀጠሮ፣ ከዚያ በፖስታ የሚመጣ ቢል፣ የክፍያ መጠየቂያ ማለት ነው። ሦስቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የስኳር ስፔሻሊስት ለማየት ከሁለት ወር በላይ ጠብቀናል። ቀኑ ሊደርስ ሲል ክሊኒኩ ሰዓቱን ከከሰዓት ወደ ጠዋት ቀየረ። የነገሩን ግን በእሷ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ መልእክት በመተው ነው። እሷ የድምፅ መልእክት መክፈት አትችልም፣ ብትከፍትም አይገባትም። እኔ ሥራ አስፈቅጄ በድሮው ሰዓት ይዣት ስሄድ "ጠዋት ነበር፣ አልመጣችሁም" ተባልን። ከዚያ የ75 ዶላር ቢል መጣ። አዲስ ቀጠሮ ስጠይቅ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ክፈሉ አሉኝ። እናቴ "ክፈያቸውና እንገላገል፣ ከሐኪም ጋር ምን ያከራክራል" ትላለች። ሜዲኬርም (በአብዛኛው ዕድሜያቸው 65 ለሞላ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ሜዲኬድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው) አላት። ልክፈል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አትክፈዪ እህቴ። እናትሽ ሜዲኬድ ካላቸው ይህ ቢል መጀመሪያውኑ ሊላክላቸው አይገባም ነበር።

የፌዴራሉ መንግሥት ሜዲኬድ ያለውን ሰው ቀጠሮ ስላመለጠው ማስከፈልን አይፈቅድም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ያመለጠ ቀጠሮ ለብቻው የሚከፈልበት ሕክምና አይደለም፣ ክሊኒኩ ሥራውን ሲሠራ የሚያጋጥመው ወጪ ነው የሚባለው። ሐኪሙ ሜዲኬድን ሲቀበል ሜዲኬድ በሚከፍለው ተስማምቶ ነው፤ ከዚያ ዞሮ ታካሚውን መጠየቅ የለበትም። ሜዲኬር ብቻ ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ክሊኒኮች የሜዲኬር ታካሚዎችን ለቀሩበት ቀጠሮ ማስከፈል ይችላሉ፣ ሌላውንም ታካሚ እኩል እስካስከፈሉ ድረስ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያምታታቸዋል። ሌላው ችግር፣ የሜዲኬድ ካርድ ላይ አንዳንዴ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ስም ጎልቶ ስለሚታይ ሰው ሜዲኬድ እንዳለው ሳያውቅ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። የወላጆቻችሁን ካርድ አውጥታችሁ እዩት፣ ካልገባችሁ ከጀርባው ባለው ቁጥር ደውላችሁ "ይህ ሜዲኬድ ነው ወይ" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ከሪሴፕሽኗ ጋር አትሟገቺ። እሷ የሰጧትን ደንብ ነው የምታነበው፣ ብዙ ጊዜም ቢሉን የመሰረዝ ሥልጣን የላትም። ቢሉ ላይ ባለው ቁጥር የቢሊንግ (የሂሳብ) ክፍሉን ጠይቂ። ከዚያ ያልሽውን ሁሉ በጽሑፍ ላኪላቸው። አጭር ይሁን። የእናትሽ ስምና የትውልድ ቀን፣ የቀጠሮው ቀን፣ ሜዲኬድ እንዳላቸው፣ ሰዓቱን የቀየረው ክሊኒኩ ራሱ እንደሆነ፣ ቢሉ እንዲሰረዝና መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲላክልሽ። እምቢ ካሉ የሜዲኬዱን ቢሮ ወይም ካርዱ ላይ ያለውን ድርጅት ደውለሽ አቤት በይ። ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም፣ እንዲህ ያለ አቤቱታ መቀበል ሥራቸው ነው።

ስለ እንግሊዝኛው መልእክትም ዝም አልልም፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። የ71 ዓመት እናት በማታውቀው ቋንቋ ማሽን ላይ ተነግሯት "ነግረናል" አይባልም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ፣ ሜዲኬድና ሜዲኬር የሚቀበል ማለት ነው፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ፣ ኦባማኬር በምንለው፣ የተደነገገ ነው። ልጅ አስተርጓሚ ይሁን ብለው ሊያስገድዷችሁም አይገባም። ስለዚህ ፋይሏ ላይ ሁለት ነገር አስጽፊ። አንደኛ፣ ቋንቋዋ አማርኛ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ስለ ቀጠሮ የሚደወለው በአንቺ ስልክ እንዲሆን። ለዚህ እናትሽ የሚፈርሙት የፈቃድ ወረቀት ይኖራል፣ ጠይቂያቸው።

ለእናትሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ክርክር አይደለም። ሐኪሙን መናቅም አይደለም። ይሉኝታ ይዟቸው የማይገባቸውን የሚከፍሉ፣ ከዚያም በላይ ቢል ስላለባቸው አፍረው ያንን ክሊኒክ ጨርሶ የሚተዉ ሰዎች አሉ። ስኳር ያለበት ሰው በ75 ዶላር ምክንያት ሐኪም ሳያይ ወራት ሲያልፉበት ጉዳቱ ከገንዘቡ እጅግ ይበልጣል። ቢሉን እየተከራከራችሁም ቢሆን ቀጠሮውን አሁኑኑ ያዙ። እዚያው ካልሰጧችሁ ሌላ ስፔሻሊስት እንዲመራችሁ የቤተሰብ ሐኪሟን ጠይቁ። ሥራ ማስፈቀድ ካስቸገረሽ ደግሞ ሜዲኬድ ለቀጠሮ መጓጓዣ ያቀርባል፣ ቀደም ብሎ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምሠራው። ኢንሹራንሴን በራሴ ነው የምገዛው፣ ሜዲኬድ የለኝም። ልጄን ትኩሳት ያዛትና ለሚቀጥለው ቀን ጠዋት የነበረኝን ቀጠሮ ማታ ደውዬ ሰረዝኩ። እነሱ 24 ሰዓት አልሞላም ብለው ከተመዘገበው ካርዴ 50 ዶላር ቆረጡ። ከዚያ በፊት እዚያው ክሊኒክ አንድ ሰዓት ተኩል ስጠብቅ ማንም ይቅርታ አላለኝም። የእኔ ሰዓት ገንዘብ አይደለም? ኢንሹራንሴስ አይከፍልልኝም?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ኢንሹራንስ ይህንን አይከፍልም ወንድሜ። ሕክምና ስላልተሰጠ የሚሸፍነው ነገር የለም። መጀመሪያ ቀን በታብሌት ላይ ካስፈረሙህ ገጾች አንዱ ይህ ደንብ ነው። ሁላችንም ሳናነብ ነው የምንፈርመው፣ ከኋላ ሰው ተሰልፎ፣ በእጃችን መታወቂያና ካርድ ይዘን። ግን ተፈርሟል።

ሆኖም ዝም ብለህ አትለፈው። ክሊኒኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን፣ በተለይ ልጅ ታሞ ሲሆን፣ ሲጠየቁ የሚተዉበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልተጠየቁ ግን አይተዉም። በፖርታሉ፣ ማለትም ታካሚ ከክሊኒኩ ጋር በሚጻጻፍበት ድረ ገጽ፣ ማይቻርት የሚባለው ካላቸው በእሱ፣ ለቢሊንግ ክፍሉ ጻፍላቸው። ልጅህ መታመሟን፣ በስንት ሰዓት እንደደወልክ፣ ከዚህ በፊት ቀርተህ እንደማታውቅ። ስልክህ ላይ የጥሪው ሰዓት ስላለ ፎቶውን አያይዘው። ካርድህንም ከፋይል እንዲያወጡት መጠየቅ ትችላለህ።

የጠበቅከውን ሰዓት በተመለከተ ግን ንዴትህ ይገባኛል፣ እውነትህንም ነው። አንዳንድ ክሊኒክ ሰው እንደሚቀር ስለሚገምት በአንድ ሰዓት ላይ ከአቅሙ በላይ ይቀጥራል። ሁሉም የመጣ ቀን ወንበር ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ታዲያ ለቀረ ሰው የሚያስከፍሉ ከሆነ ለሚያስጠብቁት ሰው ቢያንስ ምክንያቱን ቢናገሩ ምን አለበት? ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ቦታ እንደሚይዝ አውቃለሁ፣ ባዶ የቀረ ቦታም ሌላ በሽተኛ ሊታይበት ይችል ነበር። ግን በሰዓት ተቀጥሮ ወይም መንገድ ላይ ሮጦ ለሚያገኝ ሰው 50 ዶላር ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ደሞዙ ለማይነካው ሰው ያው 50 ዶላር እኩል አይከብድም። ይህንን በጽሑፍ ንገራቸው። በትህትና፣ ግን ሳትሸማቀቅ።

የአንተ ከካርድህ ተቆርጧል፤ ወደፊት ግን ያልተከፈለ እንዲህ ያለ ቢል ወደ ኮሌክሽን፣ ማለትም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ሊሄድ ይችላል። ከሄደ ማስታወቂያቸው በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላለህ። ከ2023 ጀምሮ የሰውን የዕዳ አከፋፈል ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ዕዳ ሪፖርት ላይ አያሰፍሩም። ስለዚህ "ክሬዲቴ ሊበላሽ ነው" ብለህ ፈርተህ በጥድፊያ አትክፈል። በሌላ በኩል የግል ክሊኒክ በተደጋጋሚ የሚቀርን ታካሚ ከእንግዲህ አናይህም ሊል ይችላል፣ ይህንን ግን ቀላል አድርገህ አትየው።

ጥያቄ፦ አባቴ በቅርቡ ነው የመጣው። "ቀጠሮህ በ9 ሰዓት ነው" ስለው እሱ ከሰዓት መሰለው። ጠዋት 9 ሰዓት ነበር፣ አለፈ። ሰዎች "የሐበሻ ቀጠሮ" እያሉ ሲስቁበት አፈረ። ምን ይሻላል?
ከሲያትል

መልስ፦ አባትህ አላረፈዱም። አገር ቤት 9 ሰዓት ማለት ከሰዓት ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጥሩት የኖሩት ሰዓት ነው። "የሐበሻ ቀጠሮ" እያሉ በሽማግሌ ላይ መሳቅ ይቅር፣ በእውነት ይቅር። እርሳቸው ቀጠሮ የናቁ ሰው አይደሉም፣ ሰዓቱን እንደሚያውቁት ነው የጠበቁት።

ለክሊኒኩ ደውልና የሆነውን እንዲህ እንዳለ ንገር፣ አስተርጓሚ ሳያቀርቡ የሰጡት ቀጠሮ ከሆነም ይህንን ጨምር። ከእንግዲህ ማቀዝቀዣው ላይ ስትለጥፍላቸው በእርሳቸው አቆጣጠር ጻፍ፣ "ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት"። ቀኑን በቁጥር ብቻ አትተወው። እዚህ ወሩ ስለሚቀድም 5/6 ሜይ 6 ነው፣ ለእርሳቸው ግን አምስተኛው ቀን ሊመስላቸው ይችላል። የሳምንቱ ቀን ስም ካለ አይሳሳቱም። ከቤት የሚወጡበትንም ሰዓት ጻፍላቸው፣ ብዙ ክሊኒኮች 15 ደቂቃ ካለፈ እንደቀረ ሰው ነው የሚቆጥሩት።