ባሕር ዛፍን ከጥድና ከወይራ በሳተላይት ምስል መለየት

ጠያቂያችን በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባሕር ዛፉን ከነባሮቹ ዛፎች በሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል ሊለዩ ፈልገው ነበር። ኤንዲቪአይ (ከቀይና ከኢንፍራሬድ ብርሃን ነጸብራቅ የሚሰላ የአረንጓዴነት መለኪያ) ሲሠሩ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖባቸዋል። መሆኑም አይቀርም። ኤንዲቪአይ ቅጠል መኖሩንና ብዛቱን እንጂ የማን ቅጠል እንደሆነ አይናገርም፤ ደኑ ጥቅጥቅ ሲል ደግሞ ቁጥሩ ጣራ ነክቶ ይቆማል።

ሳተላይቱ ብርሃኑን ባንድ በሚባሉ የሞገድ ክፍሎች ለይቶ ይለካል፤ ልዩነቱን ባንድ 5 እና 6 ላይ ይፈልጉት (705 እና 740 ናኖሜትር)፤ ነጸብራቁ ከቀይ ወደ ኢንፍራሬድ ሽቅብ የሚወጣው እዚያ ነው። ባንድ 8ኤ የቅጠሉን ውስጣዊ አሠራርና የዛፉን አናት ቅርጽ፣ ባንድ 11 እና 12 ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሳያሉ። ጥድ ቅጠሉ ደቃቅ ቅርፊት መሳይ ስለሆነና በቅርንጫፎቹ መካከል ጥላ ስለሚይዝ በባንድ 8ኤ ከሰፋፊ ቅጠሎቹ ይልቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ቀድሞ የሚለየው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ተቆርጦ ያቆጠቆጠው ሰም የለበሰ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ ሰፊ ቅጠል አለው። ያደገው ግን ቅጠሉ ረጅምና ማጭድ መሳይ ነው፤ ቁልቁል ስለሚንጠለጠልም ከሥሩ ያለው አፈር ለሳተላይቱ ይታያል። ዛፉ አንድ ሆኖ ነጸብራቁ ሁለት ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል ካሠለጠኑ ሞዴሉ (ከናሙና ተምሮ ዛፎቹን የሚለየው ፕሮግራም) ግማሹን ለወይራ ይሰጥብዎታል፤ ለየብቻ አሠልጥነው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ያዋህዷቸው።

ለምስሉ አንድ ከኅዳር፣ አንድ ከየካቲት ይውሰዱ። በየካቲት ሣሩ ስለደረቀ የዛፉ አረንጓዴ ከሥሩ ካለው ጋር አይቀላቀልም። በክረምት ምስል መድከም አያስፈልግም፣ ደመና ነው። የተለያዩ ዓመታት ምስሎችን የሚያወዳድሩ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ወዲህ ከተዘጋጁት ምስሎች ቁጥር ላይ 1000 ቀንሰው ነው ለ10000 የሚያካፍሉት። ይህን የዘለለ ሰው ደኑ በአንድ ዓመት የተለወጠ ይመስለዋል።

ከዚያ የዳር ጉዳይ አለ። ክብ ቅርጽ ያለው 3 ሄክታር ገደማ ደን ወርዱ 200 ሜትር ነው። ዳር ዳሩን 20 ሜትር ቢተዉ 2 ሄክታር ይቀራል፤ እነዚህ ባንዶች ባላቸው የ20 ሜትር ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) 50 ብቻ ማለት ነው። ዳሩን ካልተዉት ግን የእርሻው አፈር ይገባበታል። ፒክስሉን ወደ 10 ሜትር ማሳነስ ቁጥሩን ያበዛል እንጂ አዲስ መረጃ አይጨምርም።

የመሬት ናሙና ሲወስዱ ቢያንስ 40 በ40 ሜትር አንድ ዓይነት ዛፍ ከያዘ ቦታ መካከል ላይ ቆመው ነጥቡን ይመዝግቡ፤ ከዛፍ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ይስታል። ማሠልጠኛውንና መፈተኛውን የሚከፍሉት በፒክስል ሳይሆን በደን ነው። ጎረቤት ፒክስሎች ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱ ለሥልጠና ሌላው ለፈተና ከዋለ የሚወጣው ከፍተኛ ውጤት ሐሰት ነው፤ ሞዴሉ አዲስ ደን ላይ ሲሄድ ይወድቃል።

ስፔክትሮሜትር (የቅጠልን ነጸብራቅ በቅርብ የሚለካ መሣሪያ) የሚያገኙ ከሆነ መሣሪያውን ግማሽ ሰዓት ያህል ያሙቁት፤ በነጩ ሰሌዳ የሚደረገውን ማስተካከያም ቶሎ ቶሎ ይድገሙ። የወይራ ቅጠል ጀርባው ከፊቱ ይፈዛል፤ የትኛውን እንደለኩ ይጻፉ። የጥድ ቅርንጫፍ ክፍተት እስኪያጣ መደራረብ አለበት፣ አለዚያ የሚለኩት ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ ነው።

ወይራን ከሌላው ሰፊ ቅጠል ነባር ዛፍ በዚህ ፒክስል ለመለየት እኔ አልሞክርም። አናታቸው ተቀላቅሎ የሚያድግ በመሆኑ «ባሕር ዛፍ የበዛበት»፣ «ጥድ የበዛበት» እና «ሌላ ነባር ዛፍ» የሚሉ ሦስት ክፍሎች ይበቃሉ።