የዲሽቃ ቀለህ እጀታ ይሆናል፣ የጋሪ ፈረስ ጭራ ግን ይቅር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ጺማቸውን አሁንም በሳሙናና በብሩሽ ነው የሚላጩት። የብሩሻቸው የፕላስቲክ እጀታ ተሰንጥቋል። ቤት ውስጥ ለመታሰቢያ ያስቀመጡት ባዶ የዲሽቃ ቀለህ አለ። እሱን እጀታ አድርጌ፣ ከጋሪ ፈረስ ጭራ ጸጉር ቆርጬ አዲስ ብሩሽ ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ያዋጣል?
(ከአዳማ፣ ፍራንኮ)

መልስ፦ ቀለሁ ያዋጣል። ጭራው ግን ይቅርብህ፣ ልጄ።

የምከለክልህ አባ ሰንጋን ፈርቼ ነው። በሽታው የከብት ብቻ አይደለም፤ ፈረስንም ሰውንም ይይዛል። ጀርሙ ጸጉርና አፈር ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች በቅጡ ባልጸዳ የፈረስ ጸጉር ከተሠራ የመላጫ ብሩሽ አባ ሰንጋ ይዟቸዋል፤ የሞቱም አሉ። ምላጭ የጫረውን ፊት በዚያ ጸጉር ስታሸው በሽታው በጭረቱ ይገባል።

«ቀቅዬው እጠቀማለሁ» ትለኝ ይሆናል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። ውሃችን የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐኪም ቤት መሣሪያ የሚቀቀልበት ማሽን በግፊት 121 ዲግሪ ይደርሳል። የቤት ድስት እዚያ አይደርስም።

ደግሞስ የተሰነጠቀው እጀታው ነው እንጂ ጸጉሩ ምን ሆነ? ፕላስቲኩን በሴጌቶ ቀስ ብለህ ቁረጥና የጸጉሩን እስር ከነሙጫው አውጣው። ጸጉሩ ካለቀ ርካሽ የናይለን ብሩሽ ገዝተህ የሱን እስር ውሰድ።

አሁን ወደ ቀለሁ። መጀመሪያ ቂጡን እይ። መሃል ያለችው ትንሽ ክብ ቆብ በመሣሪያው መርፌ ተመትታ ጎድጉዳ መታየት አለባት። ካልጎደጎደች አትንካው፤ ለፖሊስ አሳውቅ። ውስጡ የባሩድ ጥላሸትና የእርሳስ ቅሪት ስለሚኖር ጓንት አድርገህ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ እጠበው።

የ12.7 ሚሊ ሜትር ዲሽቃ ቀለህ ቁመቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንገቱ ግን ለብሩሽ ጠባብ ነው። ከትከሻው፣ ማለትም ወደ አንገቱ በድንገት መጥበብ ከሚጀምርበት፣ በታች ቁረጠው። ቶርኖ ቤት ብትወስደው ቀጥ አድርገው ይቆርጡልሃል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለስልስ። ስለት ከቀረ ጸጉሩን እየበላ ይጨርሰዋል።

እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ውስጡን ሳልሞላ እስሩን አፉ ላይ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጸጉሩ እንዳለ ሳሙና ውስጥ ወደቀ። ውስጡ መሞላት አለበት። የመጥረጊያ እጀታ ቁረጥና አፉን እስኪያልፍ ፋቀው። ቀለህ ወደ አፉ እየጠበበ ስለሚሄድ እንጨቱ ታች ላይ ይላላል። ስለዚህ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ቀድመህ አፍስስና እንጨቱን እላዩ ላይ ስደደው። ከአፉ ወደ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይሞላ ክፍት ይሁን፤ እስሩ በኢፖክሲ ተጣብቆ የሚቀመጠው እዚያ ነው። እስሩ ከወፈረ ሙጫውን ዙሪያውን ፋቀው፣ ጸጉሩን ግን አትንካ። ከእጀታው በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጸጉር ቢወጣ ጥሩ ነው። ከዚያ ከረዘመ ይልፈሰፈሳል፣ አረፋም አያነሳም።

አባትህ ብሩሹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከመንከራቸው በፊት ኢፖክሲው 24 ሰዓት ይቆይ። ከተላጩ በኋላ ነሐሱን በጨርቅ ያድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ከዋለ አረንጓዴ ያወጣል።